በኤንዛይም ውስጥ ስለ ተሰወሩት የመቈጣጠሪያ ስፍራዎች

የሰው ሥጋ ሌትም ቀንም ሥራ የማይቋረጥበት አገር ይመስላል። የተበላው እህል ቀልጦ ወደ ደም ይገባል፤ የቈሰለው ይጠግጋል፤ ያረጀው ፈርሶ በፈንታው አዲስ ይሠራል። ይህን ሁሉ የሚያከናውኑት ኤንዛይም የሚባሉት ናቸው። ኤንዛይም ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቅንጣቶች እንደ መቍጠሪያ ፍሬ በአንድ ክር ተሰክተው፥ ክሩም በራሱ ላይ ተጠምጥሞና ተጣጥፎ የተሠራ፥ በዐይን የማይታይ ፕሮቲን ነው። እያንዳንዱም የተለየ ሥራ አለው፤ አንዱ ይቈርጣል፥ አንዱ ይቀጥላል፥ ሌላውም ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል። ከእነዚህ አንዱ ከልኩ አልፎ የሠራ ወይም ሥራውን የተወ እንደ ሆነ ግን ሥርዐቱ ይናጋል፤ ደዌም ከዚያ ይመጣል። ሰውን የሚያጠቁት ረቂቃን ተሕዋስያንም ያለ ኤንዛይም ሊበዙ አይችሉም። ስለዚህ ከመድኃኒቶች እጅግ ብዙዎቹ ሥራቸው አንድን ኤንዛይም ማስቆም ነው።

ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኤሚል ፊሸር በ1894 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ኤንዛይምን በቍልፍ፥ ኤንዛይሙ የሚሠራበትን ነገር ደግሞ በመክፈቻ መሰሉት። በኤንዛይሙ ገላ ላይ ጎድጎድ ያለ አንድ ስፍራ አለ፤ በልኩ የተሠራ ነገር ብቻ ይገባበታል፤ ሥራውም የሚፈጸመው በዚያው ነው። መድኃኒት ቀማሚዎችም ከዚህ ምሳሌ አንድ ብልሃት ተማሩ፤ ይኸውም እውነተኛውን መክፈቻ የሚመስል ሐሰተኛ መክፈቻ ሠርቶ ጎድጓዳውን መድፈን ነው። ፔኒሲሊን ባክቴሪያ ቅጥሩን የሚገነባበትን ኤንዛይም የሚያስቆመው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ መንገድ ብዙ ሕይወት ያዳነ ቢሆንም ሦስት ችግሮች አሉበት። የመጀመሪያው የዘመዳሞች መመሳሰል ነው። በ2002 ዓ.ም. በታተመው ቈጠራ በሰው ዘር ውስጥ ኪናዝ የሚባለው የኤንዛይም ወገን ብቻ 518 ሆኖ ተገኝቷል፤ እነዚህም ኤ.ቲ.ፒ. የተባለውን የኃይል ምንጭ የሚቀበሉበት ስፍራ እጅግ የተቀራረበ ነው። አንዱን ብቻ እንዲደፍን የታሰበው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ጐረቤቱንም አብሮ ይደፍናል፤ በሽተኛውም ካላሰበው ወገን ሌላ ጕዳት ያገኘዋል። ሁለተኛው፥ መድኃኒቱ ቦታውን ከተፈጥሮ ባለቤቱ ጋር መሻማት ግድ ስለሚሆንበት፥ ባለቤቱ በብዛት ካለና አጥብቆ ከያዘ መድኃኒቱ ይረታል። ሦስተኛው፥ ለመድኃኒት የሚመች ጎድጓዳ ስፍራ በገላቸው ላይ የማይታይባቸው ፕሮቲኖች መኖራቸው ነው። እንዲህ ያሉትን የዘመኑ ሊቃውንት «መድኃኒት የማይዛቸው» ብለው ትተዋቸው ነበር።

ለእነዚህ ችግሮች መፍትሔ የሆነው ዕውቀት የመጣው መድኃኒት ለመፈለግ ከተነሡ ሰዎች አይደለም። በ1956 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኤድዊን አምባርገር በአንጀት ውስጥ የሚኖረውን ኤሸሪኪያ ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ይመረምሩ ነበር። ይህ ባክቴሪያ ትሪዮኒን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ተነሥቶ በአምስት ደረጃ ሥራ ኢሶሉሲን የሚባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ ይሠራል። አምባርገር ያስተዋሉት ነገር ቢኖር በመጨረሻው ደረጃ የሚገኘው ኢሶሉሲን በበቂ በተከማቸ ጊዜ የመጀመሪያውን ደረጃ የሚሠራውን ኤንዛይም የሚያስቆመው መሆኑን ነው። ጎተራው ሲሞላ ወፍጮው በራሱ ጊዜ ቆመ፤ ጎተራው ሲጐድልም ወፍጮው እንደ ገና ዞረ ማለት ነው። በዚሁ ዓመት ሪቻርድ ዬትስና አርተር ፓርዲ በሌላ ኤንዛይም ላይ ይህንኑ የመሰለ ነገር አገኙ።

አሁን ጥያቄው ይህ ነበር፤ አምስተኛው ደረጃ ላይ የተሠራው ነገር በአንደኛው ደረጃ ያለውን ኤንዛይም የሚያስቆመው በየት በኩል ገብቶ ነው? በሥራው ስፍራ ገብቶ ነው እንዳይባል ቅርጹ ሌላ ነው። በፓሪስ በሚገኘው በፓስተር ተቋም፥ በዣክ ሞኖና በፍራንስዋ ዣኮብ ዘንድ ይማር የነበረው ወጣቱ ዣን ፒየር ሻንዡ ኤንዛይሙን በጥንቃቄ አሙቆ መረመረው። ከዚህም በኋላ ኤንዛይሙ ሥራውን እንደ ቀድሞው ሲሠራ ተገኘ፤ የኢሶሉሲንን ትእዛዝ ግን የማይሰማ ሆነ። አንዱ ጠፍቶ ሁለተኛው ከቀረ ሁለቱ አንድ ሊሆኑ አይችሉም፤ ስለዚህ ሥራው የሚፈጸምበት ስፍራና ትእዛዝ የሚቀበልበት ስፍራ የተለያዩ መሆናቸው ታወቀ። ይህም በ1961 ዓ.ም. ለሊቃውንት ጉባኤ ቀረበ፤ ሞኖና ዣኮብም ነገሩን «አሎስቴሪክ» አሉት፤ ትርጓሜው ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ «ሌላ ቅርጽ ያለው» ማለት ነው። በ1965 ዓ.ም. ሞኖ፥ ዋይማንና ሻንዡ የነገሩን አሠራር በሰፊው ገልጠው ጻፉ።

በኤንዛይሙ በስተኋላ የገባ ትንሽ ነገር በፊት ለፊቱ ያለውን ሥራ ሊያቆም መቻሉ ድንቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ድንኳን የተከለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በስተጀርባ ያለው አንድ ገመድ ጠብቆ ሲሳብ በፊት ለፊት ያለው ደጃፍ ይጠባል፥ ገመዱም ሲላላ ደጃፉ ይሰፋል። ኤንዛይምም ደረቅ ድንጋይ አይደለም፤ ክፍሉ ሁሉ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለ ሆነ አንደኛው ሲገፋ ሌላው ይንቀሳቀሳል። እንግዲህ መድኃኒቱ የሥራውን ስፍራ ትቶ በመቈጣጠሪያው ስፍራ ቢገባ ከተፈጥሮው ባለቤት ጋር አይሻማም። ከዚህም ሌላ የመቈጣጠሪያው ስፍራ በዘመዳሞቹ ኤንዛይሞች መካከል እጅግ ይለያያልና፥ የተፈለገውን ብቻ ለይቶ ለመያዝ ይመቻል። ደግሞም በዚህ በኩል ማስቆም ብቻ ሳይሆን ማበርታትም ይቻላል፤ ለምሳሌ ሚታፒቫት የሚባለው መድኃኒት የደከመውን ፒሩቬት ኪናዝ የተባለ ኤንዛይም የሚያበረታ ሲሆን፥ ከዚህ ድካም የተነሣ ደማቸው ለሚያንስ አዋቂ ሰዎች በ2022 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ችግሩ ግን ይህን ስፍራ ማግኘቱ ነው። የፕሮቲን መልክ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ፕሮቲኑን እንደ ጨው አርግቶ የራጅ ብርሃን በማሳለፍ ነው። በዚህ ጥበብ የሚገኘው መልክ እንደ ፎቶግራፍ ያለ ነው፤ ፎቶግራፍ ሲነሣ እጁን የጨበጠ ሰው መዳፉ እንደማይታይ ሁሉ፥ ኤንዛይሙም በዚያች ጊዜ የዘጋው ኪስ በሥዕሉ ላይ አይታይም። ኪሱ የሚከፈተው ፕሮቲኑ ሲንቀሳቀስ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ወይም ተስማሚ የሆነ ነገር ሲመጣ ከፍቶት ይገባል። ሊቃውንት «የተሰወረ ኪስ» የሚሉት ይህን ነው።

ከነዚህ ከተሰወሩት አንዱ ብዙ ሰው ሳያውቀው ወደ ኢትዮጵያ ጭምር ፍሬው ደርሷል። የኤች.አይ.ቪ. ተሕዋስ የሚበዛበት ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የተባለ ኤንዛይም አለ። በአሜሪካ በ1996 ዓ.ም. የተፈቀደው ኔቪራፒን ይህን ኤንዛይም የሚያስቆመው ከሥራው ስፍራ አጠገብ፥ ነገር ግን ከእርሱ ውጭ ባለ ኪስ ገብቶ ነው። ሊቃውንት መድኃኒት ያልነካውን ኤንዛይም ለብቻው በመረመሩት ጊዜ ግን ኪሱ ተከድኖ አገኙት። በኡጋንዳ ተደርጎ በ1999 ዓ.ም. በታተመው ምርመራ ለእናቲቱ በምጥ ጊዜ አንድ ጊዜ፥ ለሕፃኑም ከተወለደ በኋላ አንድ ጊዜ የተሰጠው ኔቪራፒን፥ በዚያን ጊዜ ከሌላው አጭር ሕክምና ጋር ሲመዛዘን ደዌው ወደ ሕፃኑ መተላለፉን በግማሽ ያህል ቀነሰው። በኢትዮጵያም ኔቪራፒንና በዚያው ኪስ የሚገባው ኤፋቪሬንዝ ብዙ ዓመታት ለሕሙማን ከታዘዙት መድኃኒቶች ነበሩ። ሆኖም የነዚህ መድኃኒቶች ኪስ አስቀድሞ ታውቆ የተፈለገ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ተገኘና ኪሱ በኋላ ታወቀ።

እንዲሁም በ2004 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ሆርንና ሾይኬት የተባሉ መርማሪዎች ቤታ ላክታሜዝ የሚባለውን ኤንዛይም ሲመረምሩ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ይህ ኤንዛይም ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን ሰባብረው የሚያጠፉበት መሣሪያ ነው፤ መኖሩንም ኤብራሃምና ቼይን በ1940 ዓ.ም. ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ ሳይዳረስ ገልጠውት ነበር። መርማሪዎቹ የጨመሩት ነገር በሥራው ስፍራ ሳይሆን 16 አንግስትሮም ርቆ፥ ቀድሞ ምንም ክፍተት ባልታየበት በኤንዛይሙ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። አንድ አንግስትሮም የሳንቲሜትር መቶ ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ርቀቱ ለሰው ዐይን ከምንም የማይቈጠር ቢሆንም ለኤንዛይሙ ግን ከደጃፍ እስከ ጓዳ ያህል ነው።

የተሰወረው ስፍራ ከተፈጥሮ የተሰጠ ልጓም ሆኖ የተገኘበትም ጊዜ አለ። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ የሚባለው የደም ካንሰር የሚመጣው ኤቢኤል የተባለው ኪናዝ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ነው። በ2001 ዓ.ም. የተፈቀደው ኢማቲኒብ የሥራውን ስፍራ ደፍኖ ይህን ደዌ ከቀሳፊነት አወጣው። ነገር ግን በአንዳንድ ሕሙማን ዘንድ የሥራው ስፍራ ቅርጹን ለወጠና መድኃኒቱን ከለከለ። በ2003 ዓ.ም. የታተሙት ምርመራዎች እንዳስረዱት ጤነኛው ኤቢኤል በራሱ ጫፍ ላይ ያለውን የስብ ዘለላ አጥፎ በገላው ላይ ባለ አንድ ኪስ በማስገባት ራሱን ያስቆማል። ሕመም የሚያመጣው ግን ሲጣበቅ ያ ጫፉ ስለሚቀር ልጓሙን ያጣል። አሲሚኒብ የተባለው መድኃኒት በዚያው ባዶ በቀረው ኪስ ገብቶ የጠፋውን ልጓም ይተካል፤ በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቅዶ የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ለማይረዷቸው ሕሙማን ይሰጣል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የተሰወረ ኪስ መፈለግ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳየው የኬራስ ታሪክ ነው። ኬራስ ሕዋሳት እንዲበዙ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ትንሽ ኤንዛይም ነው። ጂ.ቲ.ፒ. የሚባለውን ሲይዝ «ተባዙ» ይላል፤ ያን ቈርጦ ጂ.ዲ.ፒ. ሲያደርገው ዝም ይላል። የዚህ ወገን ፕሮቲኖች በሰው ካንሰር ውስጥ ተበላሽተው መገኘታቸው በ1982 ዓ.ም. ታወቀ። ከካንሰር ሕሙማን ከአምስቱ በአንዱ ያህል፥ በጣፊያ አጠገብ ያለው ፓንክሪያስ የተባለው ዕጢ ካንሰር ከያዛቸው ደግሞ ከዐሥሩ በዘጠኙ ያህል ብልሽቱ አለ። ደዌው ይህን ያህል የታወቀ ሲሆን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሊቃውንት ሞክረው አልቻሉትም፤ ምክንያቱም ኬራስ ጂ.ቲ.ፒ.ን እጅግ አጥብቆ ይይዛል፥ በሕዋስም ውስጥ ጂ.ቲ.ፒ. ሞልቷል፥ በቀረው ገላው ላይ ደግሞ መድኃኒት የሚይዝበት ጎድጓዳ አይታይም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኬቫን ሾካትና ባልደረቦቻቸው በሌላ በኩል መጡ። በአንድ ወገን የኬራስ ብልሽት ከክሩ ዐሥራ ሁለተኛው ፍሬ ላይ ግላይሲን ተነሥቶ ሲስቲን ይተካል። ሲስቲን ደግሞ ድኝ ያለበት ስለ ሆነ ሌላ ነገር እንደ ሜንጦ የሚይዝ ነው። ሊቃውንቱም 480 የሚያህሉ በድኝ የሚጣበቁ ጥቃቅን ነገሮችን በተራ ሞከሩ። ከነዚህ ጥቂቶቹ ተጣበቁ፤ በራጅ በታዩም ጊዜ ከዚያ በፊት በማንኛውም ሥዕል ላይ ያልታየ ኪስ ከፍተው ገብተው ተገኙ። ይህም ኪስ ኤንዛይሙን ጂ.ዲ.ፒ. እንደያዘ፥ ማለት ዝም እንዳለ፥ የሚያስቀር ሆነ። ጤነኛው ኬራስ በዐሥራ ሁለተኛው ስፍራ ሲስቲን ስለሌለው መድኃኒቱ የሚይዘው የተበላሸውን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በስምንት ዓመት፥ በግንቦት ወር 2021 ዓ.ም.፥ በዚህ ኪስ የሚገባው ሶቶራሲብ የተባለው መድኃኒት ይህ ብልሽት ላለባቸው የሳንባ ካንሰር ሕሙማን በአሜሪካ ተፈቀደ። ከተመረመሩት 124 ሕሙማን በመቶ 36 በሚሆኑት ላይ እብጠቱ በግልጥ አነሰ። በ2022 ዓ.ም. ሁለተኛው መድኃኒት አዳግራሲብ ተከተለ። መድኃኒት አይዘውም ተብሎ የነበረው ኤንዛይም እንዲህ ሆኖ ተያዘ።

በዛሬው ዘመን ሊቃውንት የተሰወሩትን ኪሶች በአጋጣሚ ብቻ እስኪያገኙ አይጠብቁም። የፕሮቲኑን እያንዳንዱን አቶም እንቅስቃሴ በኮምፒዩተር እያሰሉ፥ መቼና የት እንደሚከፈት ይመለከታሉ። ይህ ስሌት እጅግ ብዙ ድካም የሚጠይቅ በመሆኑ፥ በ2000 ዓ.ም. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፎልዲንግ አት ሆም የተባለ ማኅበር ተመሠረተ፤ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች በየቤታቸው ያለውን ኮምፒዩተር ሥራ በሚፈታበት ጊዜ ለዚህ ስሌት ያውሳሉ። በ2020 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ኮምፒዩተሮች ተባበሩ፤ በተሕዋሱ ፕሮቲኖች ውስጥም ብዙ የተሰወሩ ኪሶችን አመለከቱ። ይህ ሁሉ ማሽን ተባብሮ ያሰላው የፕሮቲኖቹ እንቅስቃሴ ሲደመር የአንድ ሰከንድ ዐሥረኛ ክፍል ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚህ የሥራውን ጽናት መረዳት ይቻላል።

ስሌት ግን ያለ ምስክር አይታመንም። በቤታ ላክታሜዝ ላይ ግሬግ ቦውማንና ባልደረቦቻቸው በ2012 ዓ.ም. በስሌት ብዙ የተሰወሩ ኪሶች መኖራቸውን ካመለከቱ በኋላ፥ በ2015 ዓ.ም. ነገሩን በሥራ ፈተኑት። ይከፈታል በተባለው ስፍራ ውስጥ ሲስቲን ተከሉ፤ ከዚያም ሲስቲን ሲያገኝ ውሃውን ብጫ የሚያደርግ ቅመም ጨመሩ። ስፍራው ሁልጊዜ የተዘጋ ቢሆን ቅመሙ ሲስቲኑን ባላገኘውም ነበር፤ ነገር ግን እንደ ተተነበየው ኪሱ እየተከፈተ አገኘው። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ምሳሌ ተምሮ ኪሱ የት እንደሚከፈት ከአንድ ሥዕል ብቻ የሚገምት፥ ከቀድሞው ስሌት ከሺህ ጊዜ በላይ የሚፈጥን የኮምፒዩተር ዘዴ ታተመ።

ይህን የሰማ ሰው መድኃኒቱ ሁሉ እንግዲህ ተገኘ ብሎ እንዳይቸኵል ያስፈልጋል። የተሰወረ ኪስ ሁሉ የመቈጣጠሪያ ስፍራ አይደለም፤ ቢከፈትም ቢደፈንም ሥራውን የማይነካ አለ። በቤታ ላክታሜዝ ኪስ እንዲገቡ ከተመረጡት ነገሮች አንዳንዶቹ ኤንዛይሙን ሲያደክሙ ሌሎቹ አበርትተውት ተገኝተዋል፤ እንዲህ ያለው ቢሰጥ ባክቴሪያውን መርዳት ይሆን ነበር። ከዚህም ኪስ እስካሁን ለሕሙማን የደረሰ መድኃኒት አልወጣም። ሶቶራሲብም ቢሆን ደዌውን ፈጽሞ የሚያጠፋ አይደለም። ከቀድሞው መድኃኒት ከዶሴታክሴል ጋር በ345 ሕሙማን ላይ በተመዛዘነ ጊዜ ደዌው ሳይብስ የቆየበት መካከለኛው ጊዜ 5.6 ወር ሲሆን በዶሴታክሴል 4.5 ወር ነበር፤ በጠቅላላው የዕድሜ ርዝመት ግን ልዩነት አልታየም። ካንሰሩም በኪሱ ውስጥ ያሉትን ፍሬዎች እየለወጠ መድኃኒቱን የሚከለክልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ፍለጋው ገና አልተፈጸመም።

ነገር ግን የሕዝብን ገንዘብና የወጣቶችን ትምህርት ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ከዚህ ታሪክ አንድ ሊመዘን የሚገባው ነገር አለ። በ1956 ዓ.ም. የአንድ ባክቴሪያ ሥራ እንዴት እንደሚቆም የጠየቀ ሰው ለሳንባ ወይም ለደም ካንሰር መድኃኒት አመጣለሁ አላለም፤ በዚያ ዓመት ጥቅሙ ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ ሊያሳይ የሚችለው በብልቃጥ ያለ ውሃ ብቻ ነበር። ከዚያ ጥያቄ እስከ አሲሚኒብና እስከ ሶቶራሲብ ስልሳ አምስት ዓመት አለፈ። በዚህ መካከል ፈረንሳዊው ተማሪ ኤንዛይሙን ባያሞቀው፥ ሌሎቹም ትናንሽ ነገሮችን አንድ በአንድ ባይሞክሩ፥ ኪሱ ዛሬም ተከድኖ በኖረ ነበር። አንዱ ትውልድ የጠየቀውን ሌላው መለሰው፤ ሦስተኛውም መድኃኒት አደረገው።

እንግዲህ ፍሬው በዚያው ዓመት አልታየም ተብሎ የዕውቀት ፍለጋ ሊቈረጥ አይገባውም፤ እንዲሁም ሊቃውንት ሞክረው አልቻሉትምና ሊሆን አይችልም ማለት ተገቢ አይደለም። ኬራስን ሠላሳ ዓመት ያዩት ሰዎች ዐዋቂዎች ነበሩ፤ ያዩትም ሥዕል እውነተኛ ነበር። የጐደለው ነገር ቢኖር ሥዕሉ የአንድ ጊዜ መልክ ብቻ መሆኑን አስቦ፥ ፕሮቲኑ በሌላ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ መመርመር ነበር። ዛሬም መድኃኒት ያልተገኘላቸው ደዌያት ብዙ ናቸው፤ ከነዚህም የአንዳንዶቹ መፍትሔ በታወቀ ኤንዛይም ላይ፥ ገና ባልታየ ስፍራ፥ ትዕግሥት ያለውን መርማሪ ይጠብቃል።